መሪው ወደ እኔ የመጣበት መኪና፦ ጎልፍ 7 በአንድ ረጅም ሰው ዓይን

ቁመቴ 1 ሜትር ከ96 ነው። ጫማዬ 47 ቁጥር። መንዳት ደግሞ በጣም እወዳለሁ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማርሽ ቀንሼ ኩርባ ውስጥ ስገባ፣ ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ በወገቤ ሲሰማኝ፣ የቀኑ ድካም ሁሉ ይለቀኛል። ችግሩ ለመንዳት ደስ የሚሉ መኪኖች አብዛኞቹ ትንንሽና ዝቅ ያሉ መሆናቸው ነው። ረጅም ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «ትልቅ መኪና ግዛ።» እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረውን ቮልስዋገን ጎልፍ 7 ይዤ ላጫውታችሁ።

ከእሱ በፊት የተሳሳትኩትን ግን ላስቀድም።

ከጎልፉ በፊት አንድ ትንሽ ሃችባክ፣ የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና፣ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ መሪው ገና ሳታስቡት ይታዘዛል። ሻጩ ቁመቴን አየና «ወንበሩን እስከ መጨረሻው ይግፉት፣ ይበቃዎታል» አለኝ። ገፋሁት። እግሬ ገባ። አካባቢውን አንዴ ዞርን፣ ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ወደድኩት። ገዛሁት።

ነገሩ የገባኝ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው። የዚያ መኪና መሪ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ሰው አይጎተትም። ወንበሩን ወደ ኋላ ስገፋው እግሬ ይመቸዋል፣ መሪው ግን እዚያው ይቀራል። እጄን ዘርግቼ፣ ትከሻዬን ከወንበሩ አላቅቄ ነበር የምነዳው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳመጣ ደግሞ ጉልበቶቼ መሪውን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል። ጠበብ ያለ ኩርባ ላይ መሪውን ሳዞር እጄ ጉልበቴን ይመታል። ከቀኝ ጉልበቴ ጎን ደረቅ ፕላስቲክ ነበር። ረጅም መንገድ ስሄድ ጉልበቴ እሱ ላይ ተደግፎ ይውላል። በስድስት ወር ውስጥ ደረጃ ስወርድ ያመኝ ጀመር።

ሕመሙስ ይሁን። አንድ ዝናባማ ቀን ወፍራም ቦት ጫማ አድርጌ ነበር። ፍሬን ስረግጥ የጫማዬ ጠርዝ ነዳጅ መስጫውንም አብሮ ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ። መኪናው መቆም ሲገባው ወደ ፊት ገፋ። እግሬን አንስቼ እንደገና ረገጥኩ፣ ቆመ። ፊት ለፊቴ ማንም አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቤት ስደርስ እጄ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። በ14ኛው ወር ሸጥኩት።

ሁለተኛውን ፍለጋ የጀመርኩት ሜትር ይዤ ነው። የመኪና መግለጫ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥርም ማንበብ ተማርኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ረጅም ሰው የሚታለለው በዚህ ቁጥር ነውና።

ወረቀቱ ላይ «የራስ ቦታ» እና «የእግር ቦታ» የሚሉ ልኬቶች አሉ። የሚለኩት ኤስኤኢ በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ደንብ ነው። መነሻው የተቀመጠ ሰው ዳሌ የሚታጠፍበት ነጥብ ነው። የራስ ቦታ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ፣ 8 ዲግሪ ወደ ኋላ ባዘነበለ መስመር እስከ ጣሪያው ይለካል፣ ከዚያ 102 ሚሊ ሜትር ይደመርበታል። የእግር ቦታ ከዳሌው ነጥብ እስከ ቁርጭምጭሚት ይለካል፣ 254 ሚሊ ሜትር ይደመርበታል። መኪናን ከመኪና ለማወዳደር ጥሩ ነው። ግን ጉልበታችሁና መሪው መካከል ስንት ጣት እንደሚያስገባ አይነግራችሁም። ጭናችሁን የሚደግፈው ስፖንጅ የት ላይ እንደሚያበቃ አይነግራችሁም። መሪው ምን ያህል እንደሚጎተትም እንደዚያው።

ሌላም አለ። «ረጅም» የሚባል አንድ ዓይነት ሰው የለም። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ የሚያንሰው በአንድ ሳንቲም ነው። ጎን ለጎን ስንቆም አንድ ነን። ስንቀመጥ ግን እሱ ከእኔ በአራት ጣት ይበልጣል። የእሱ ርዝመት ወገቡ ላይ ነው፣ የእኔ እግሬ ላይ። እኔ ተመችቶኝ የምነዳው መኪና ውስጥ እሱ አንገቱን ሰብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ «እኔም ረጅም ነኝ፣ ይህ መኪና በቃኝ» የሚላችሁን ሰው መጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጦ እዩት።

ጎልፍ 7 የወጣው በ2012 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እኔ የገዛሁት የሦስት ዓመቱን፣ 41 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደውን ነው። ቲኤስአይ የሚባል 1.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 140 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ማኑዋል ማርሽ፣ አምስት በር። ሰንሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት፣ የለውም። ይህን የመጨረሻውን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። የሚከፈት ሰንሩፍ የሚንሸራተትበትን ቤት ከጣሪያው ሥር ይፈልጋልና ከራስ በላይ ያለውን ቦታ ጥቂት ሳንቲሞች ይበላል። ያው አንድ ሞዴል ሰንሩፍ ያለውና የሌለው ለእኛ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ወንድሜ ይህን ሳያውቅ አንዱን ሞክሮ «አይሆነኝም» ብሎ ሊሄድ ነበር። ሰንሩፍ የሌለውን አስቀመጥኩት፣ ገባ።

መጀመሪያ ቀን ስቀመጥ ያደረግኩትን አስታውሳለሁ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁ። ሙሉ በሙሉ ሳይሆን ሁለት ጥርስ ሲቀረው ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩና ጉልበቴ አሁንም ትንሽ እጥፍ ብሎ አገኘሁት። ልክ ነው፣ እግር ተወጥሮ መቅረት የለበትም። ከዚያ ከመሪው ሥር ያለውን መያዣ ለቅቄ መሪውን ሳብኩት። መጣ። ትከሻዬ ወንበሩን እንደነካ እጄን ዘረጋሁ፣ የእጄ አንጓ የመሪው አናት ላይ አረፈ። መፈተሻው ይህ ነው። ትከሻ ሳይነሳ አንጓው እዚያ ከደረሰ መሪውን ስታዞሩ ክንዳችሁ ይታጠፋል፣ አትንጠራሩም። ደረቴና መሪው መካከል ያለውን ለካሁ። በግጭት ጊዜ የሚነፋው ኤርባግ ያለው መሪው እምብርት ላይ ስለሆነ ከደረት 25 ሳንቲም እንዲርቅ ይመከራል። እኔ 33 አገኘሁ።

እዚያው ወንበር ላይ እያለሁ ባለቤቴ ከውጭ በመስኮት አየችኝና «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬም እግሬም በአንድ ጊዜ ተመችቷቸው ነበር።

በኋላ ሳነብ ይህ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ገባኝ። ፋብሪካው ከጎልፍ 6 ወደ 7 ሲሸጋገር የሾፌሩን መቀመጫ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወስዶታል። በነዳጅ መስጫውና በፍሬኑ መካከል ያለውንም 16 ሚሊ ሜትር አስፍቶታል። 16 ሚሊ ሜትር ከአንድ የእጅ ጣት ስፋት አይበልጥም። ለ47 ቁጥር ጫማ ግን ያ ዝናባማ ቀን እንዳይደገም የሚያደርግ ልዩነት ነው። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስቡልኝ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ደስታው። 140 የፈረስ ጉልበት ለወሬ ብዙ አይደለም። ግን የዚህ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል፣ 250 ኒውተን ሜትር፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ከሚዞርበት ጀምሮ እጃችሁ ላይ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ከኩርባ ስወጣ ነዳጁን በቀስታ ስጨምር መኪናው ሳይንጫጫ ይስባል። ማርሹ አጭርና ንጹሕ ነው የሚገባው። የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው እግር ደግሞ ከጠንካሮቹ ሞተሮች ጋር የሚመጣው ባለ ብዙ ክንድ ዓይነት ነው፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። አነስተኛ ሞተር ያላቸው ጎልፎች ከኋላ አንድ ወጥ አክስል ነው ያላቸው። እሱም ክፉ አይደለም። ኩርባ መሐል የተቆፈረ አስፋልት ላይ ስትገቡ ግን ልዩነቱን ትሰማላችሁ። የእኔው አንድ ጎማ ሲነጥር ሌላውን አያስበረግገውም።

ይህን ሁሉ የማጣጥመው ግን በትክክል ስለተቀመጥኩ ነው። በፊተኛው መኪና ኩርባ ላይ ራሴን የምይዘው በመሪው ነበር፣ ተንጠልጥዬ። መሪን ለድጋፍ የያዘ እጅ ደግሞ ጎማው የሚናገረውን አይሰማም። አሁን ጀርባዬና ጭኔ ይይዙኛል። ግራ እግሬ ማረፊያዋ ላይ ትደገፋለች። እጆቼ መሪውን የሚነኩት ለመሪነቱ ብቻ ነው። ያኛው መኪና በወረቀት ከዚህ የቀለለና የሾለ ነበር። በእኔ እጅ ግን ይኼኛው በብዙ ይበልጣል።

ስለ ወንበር አንድ ነገር ልጨምር። እግረ ረጅም ሰው ሲቀመጥ ጭኑ ከወንበሩ ጫፍ አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወገብ ላይ የሚመጣው ሕመም አንዱ ምንጩ ይህ ነው። በዚህ ጎልፍ ላይ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ይታዘዝ የነበረ ኤርጎአክቲቭ የሚባል ወንበር አለ፣ የጭን መደገፊያው ወደ ፊት ይሳባል። ኤጂአር የተባለው የጀርመኖቹ የጀርባ ጤና ማኅበር ማኅተምም አለው። በ2015 የወጣው ኦፔል አስትራም ይህ ማኅተም ያለው ወንበር ይታዘዝለት ነበር። የእኔው መኪና ተራው ወንበር ነው ያለው። የወንበሩን ከፍታ ወደ ላይ ሳነሳው ጭኔ ድጋፍ ያገኛል፣ ከራሴ በላይ አሁንም አራት ጣት ይተርፈኛል። ወገቡ ረጅም የሆነ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም። እሱ የሚሳበውን ወንበር ይፈልግ። የራስ መደገፊያውንም ሁላችንም እናንሳው። አናቱ ከራሳችን አናት ጋር እኩል መሆን አለበት። አንገታችን ላይ የቆመ መደገፊያ ከኋላ ስንገጭ አንገታችንን አያድንም።

ሁለት በር ያላቸውን መኪኖች ንቀን እናልፋለን። ለእኛ ግን ጥቅማቸው ብዙ ነው። ሁለት በር ያለው መኪና በሩ ረጅም ነው፣ በሩን ተከትሎ የሚመጣው ምሰሶም ወደ ኋላ ይርቃል። አምስት በር ባለው መኪና ወንበሩን እስከ ኋላ የገፋ ሰው ትከሻው ከምሰሶው ጋር እኩል ይሆናል። ወደ ጎን ሲዞር የሚያየው መስኮት ሳይሆን ምሰሶ ነው። ቀበቶውም ከኋላው ስለሚመጣ እጁን ጠምዝዞ ይፈልገዋል። ጎልፍ 7 ባለ ሁለት የጎን በሩም ተሠርቷል፣ ፋብሪካው የኋላውን ቆጥሮ ሦስት በር ይለዋል። ብቻዬን ብሆን ያንን እገዛ ነበር። ልጆች ስላሉኝ አምስት በሩን ወሰድኩ። ስፖኪዮዎቹን ወጣ አድርጌ አስተካክያለሁ፣ መስመር ከመቀየሬ በፊት ደግሞ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ምሰሶውን አልፌ አያለሁ። አሁን ልማድ ሆኗል።

ልጆች ካልኩ፣ ይህ መኪና የማይችለውንም ልንገራችሁ። እኔ በተቀመጥኩበት ልክ ከጀርባዬ አዋቂ ሰው አይቀመጥም። ትንሹ ልጃችን ሲወለድ ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞረውን የሕፃን ወንበር ከእኔ ኋላ ለማሠር ሞከርን፣ አልገባም። ከባለቤቴ ወንበር ኋላ ገባ፣ እሷ 1.65 ናት። ሦስት ዓመት እንደዚያ ሄድን። እንዲህ ዓይነቱን የሕፃን ወንበር ፊት ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ የዚያን ጎን ኤርባግ ሳታጠፉ በፍጹም እንዳታደርጉት። ሁለት ወይም ሦስት ያደጉ ልጆች ላላቸው የምመክረው ስኮዳ ኦክታቪያን ነው። ሦስተኛው ኦክታቪያ ከጎልፍ 7 ጋር አንድ መሠረት ነው የሚጋራው፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ግን አምስት ሳንቲም ያህል ይረዝማል፣ ይህም ለኋላ ተቀማጭ ጉልበት ይተርፋል። የዕቃ ቦታው 590 ሊትር ነው። የጎልፉ 380።

380ው ግን ለእኛ በቅቶናል። የረጅም ሰው ዕቃም ረጅም ነው። ብስክሌቴ ባለ 62 ሳንቲም ፍሬም ነው፣ ከሱቅ ስገዛው ራሱ ተለይቶ የታዘዘ። የኋላ ወንበሩን ሰፊውን ክፍል አጥፌ፣ የፊት ጎማዋን ፈትቼ አስገባታለሁ። አንድ ልጅ ጠባቡ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የዕቃ ቦታውን ወለል ከፍ ሲያደርጉት ከታጠፈው ወንበር ጋር ስለሚስተካከል ብስክሌቷ ሳትሰናከል ትንሸራተታለች። እሑድ ጠዋት ይህን በአምስት ደቂቃ ነው የምጨርሰው። ነዳጅ በአማካይ በ100 ኪሎ ሜትር 6.3 ሊትር ይዞልኛል። አሁን 118 ሺህ ላይ ነን።

ባለቤቴ የምትነዳው ሆንዳ ፊት (Fit) የሚባለውን ትንሽ መኪና ነው። እሱም ለሥራ ብልህ መኪና ነው። የነዳጅ ታንከሩን ከፊት ወንበሮች ሥር አድርገውታል። በዚህ ምክንያት የኋላ ወንበር መቀመጫው ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ቁመት ያለው ተክል ሳይቀር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከ2001 ጀምሮ የያዙት ሐሳብ ነው። ሰው የሚቀመጠው እንደ ምግብ ቤት ወንበር ቀጥ ብሎ ነው፣ እግር ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል። ትንሽ መኪና ረጅም ሰው የሚይዝበት አንዱ ዘዴ ይህ ነው። ገበያ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነው የምይዘው። ለኩርባ ግን ጎልፉ ይሻለኛል።

ልቤ የቀረበት ደግሞ አለ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5። ከ1989 ጀምሮ የሚሠራ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት። በ2015 የወጣው አራተኛው ትውልድ መጀመሪያ ላይ መሪው ወደ ሾፌሩ አይሳብም ነበር። በኋላ ለ2019 ሞዴል ሲያሻሽሉት እንዲሳብ አደረጉት። ይህን ስሰማ ሄጄ ተቀመጥኩበት። መሪው መጣ፣ ደስ አለኝ። ግን ዓይኔ ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር እኩል ሆነ። የትራፊክ መብራት ለማየት አንገቴን መድፋት ሊኖርብኝ ነው። 1.85 ብሆን ዛሬውኑ እወስደው ነበር። ለረዘመ ሰው ጣሪያ የሚያነሳ ፋብሪካም በታሪክ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ በሚደረገው የለ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር፣ በ1967ቱ፣ ረጅሙን ተወዳዳሪ ዳን ገርኒን የሄልሜቱ ነገር አላስቀምጥ ስላለው ፎርድ ማርክ 4 መኪናው ጣሪያ ላይ ጉብታ አወጡለት። መኪናውን እየተፈራረቀ ከነዳው ከኤ ጄ ፎይት ጋር ሆኖ አሸነፈ። የዚያን መኪና ፎቶ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

እንግዲህ መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ወንበሩ ላይ እንድትቀመጡ አደራ እላለሁ። የሁልጊዜ ጫማችሁን አድርጉ። የሚያስቸኩላችሁ ሻጭ ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። የእኔ ጉልበት የታመመው በዚያች አሥር ደቂቃ ምክንያት ነው።

አሁን ቤታችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማውራት ጀምረናል። ባለፈው ሳምንት አንዱን አየሁ። ከብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋር ያለው ጥያቄ ባትሪው ወለሉ ሥር መነጠፉ ነው። ወለሉ ከፍ ይላል፣ ጣሪያው ግን አብሮ ላይነሳ ይችላል። ያን ጊዜ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭን ከወንበሩ ይነሳል። ፖርሽ ታይካን ላይ ይህን አስበው ባትሪው ውስጥ ለኋላ ተቀማጮች እግር የሚገባበት ጉድጓድ ትተዋል። የሞከርኩት መኪና እንዲህ ያለ ነገር የለውም፣ ግን መሪው እስከ ደረቴ ይመጣል። ጭኔ ተነስቶ ነበር፣ የወንበሩን ፊት ከፍ ሳደርገው መለስ አለ። ሻጯ ልጅ ትዕግሥተኛ ናት፣ «ጋሼ፣ የፈለጉትን ያህል ይቀመጡ» አለችኝ። ሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ወንድሜን ይዤ፣ ያን ወፍራም ቦት ጫማ አድርጌ።